ጥርስ ያልለወጡ በጎች

ሪያድ፣ ካርቱም
የካቲት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአባባ ዳውድ
ለጋምቦ፣ ወሎ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎን፣ ጉልበትዎን፣ ያን አልሰማ ያለ ጆሮዎን፣ ከጦርነቱ የተረፉትን በጎች አንድ በአንድ ብጠይቅ ወረቀቱ ያልቅብኛልና በደፈናው ሁላችሁም እንዴት ናችሁ ብያለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

«ልብስ ትልካለች፣ ቃል ግን አትልክም፤ ተቀይማኝ ከሆነ ትንገረኝ» ብለው በመንገደኛ የላኩብኝ ደርሶኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ አለመጻፌ ጥፋት ነው፤ አውፍ ይበሉኝ። መቀየም አለመቀየሜን ግን ለዛሬ ይተዉት። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ በግ ነው።

የምሠራላቸው ሴትዮ ሐጃ ፋሪሃ ይባላሉ። ባላቸው የኮርዶፋን ሰው ነበሩ፤ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ልጆቻቸው በየዓረብ አገሩ ተበትነዋል። ባለፈው ታኅሣሥ ሐጃ ገበያ ወጥተው ስድስት ሴት ጠቦቶች በፒካፕ አስጭነው መጡ። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይህ ቤት ድምፅ አጣ እኮ» አሉኝ። ሪያድ የካርቱም የባለጸጋ ሰፈር ነው፤ ግንቡ ከሰው ቁመት በላይ፣ በየበሩ መኪና። በዚያ ግንብ ውስጥ በጎቹ ሲጮኹ ጎረቤቱ ምን እንዳለ ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

አሁን ሐጃ ይርቡልኝ ብለዋል። እኔም አፌ አያርፍ፣ «አባቴ የታወቀ የበግ ሰው ነው» ብዬ ነበርና ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። አውራውን ከወንድማቸው ተውሰው አምጥተዋል። ጠቦቶቹ አንዳቸውም ወልደው አያውቁም። ሰባት ስምንት ወራቸው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አላመንኩም። እግራቸው ረጅም፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ቁመታቸው እኛ ቤት ሦስት አራት ከወለዱት ይበልጣል። ስለዚህ ደርሰዋል ብዬ አስቤያለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጧት በርሲም የሚሉትን ለምለም ሣር ሳቀርብላቸው ጣቴን ይልሱኛል። ያኔ የእኛ ጋጣ ሽታ ይመጣብኛል፤ እርጥብ ሱፍና የገብስ ገለባ። የእነዚህ ጠጉር አጭር ነው፤ ሱፍ የሚባል የላቸውም። አፍንጫዬን አንገታቸው ሥር ቀብሬ አሸተትኳቸው፤ አቧራ ብቻ ይሸታሉ።

ሬሕማስ እንዴት ናት? እናታችን ከሞተች በኋላ በጀርባዬ ያሳደግኋት ልጅ ናትና የእኔ ልጅ አድርጌ ነው የማስባት። ስሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀሚሴን ይዛ አልለቅ ብላ እጇን ያላቀቁልኝ እርስዎ ነበሩ። ስንተኛ ክፍል ደረሰች?

ይህን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቼ አቀስታ ሙስዐብ ሱቅ ልኬዋለሁ። በገበያ ቀን ይደርስዎታል።

ልጅዎ ፋጤ


ለጋምቦ
መጋቢት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋጤ

ወዓለይኩሙ ሰላም። እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ ጆሮዬ ከነጭራሹ ተዘግቷል፤ ግራው ሲጮኹበት ይሰማል። ደብዳቤሽን ሙስዐብ ከስልኩ ላይ በወረቀት ገልብጦ ሰጠኝ፣ ሬሕማ እቤት አነበበችልኝ። ይህንንም የምትጽፈው እሷ ናት። «የምለውን ሁሉ ሳታጎድዪ ጻፊ» ስላልኳት ሳል ቢይዘኝ ሳሉንም ትጽፈው ይሆናል።

ሁለቴ አስነበብኳት። ሁለተኛውን ጊዜ ገብቶኝ ሳለ አልገባኝም ብዬ ነው።

ወደ በጉ እንምጣ። «ደርሰዋል ብዬ አስቤያለሁ» ትያለሽ። ማን አስቢ አለሽ? በግ በቁመት አትለካም። አፏን ክፈቺና እዪ። ከታች በኩል ስምንት ትናንሽ የወተት ጥርስ ካለ ልጅ ናት። መሐል ያሉት ሁለቱ ወልቀው በቦታቸው ሁለት ሰፋፊ ሲተኩ፣ ያኔ ደረሰች። ከዚያ በፊት ግመል ብታክልም አውራ አይጠጋት። ራሷ ገና እያደገች ነው። የምትበላውን ለራሷ አጥንት ታድርገው ወይስ ለሆዷ? አንዱ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይጎዳሉ። እንዲህ ያለችውን ያስጠቃ ሰው እኛ አገር በግ አርቢ አይባልም፣ ችኩል ይባላል።

ጥርስ ለውጣም ቢሆን ለመጀመሪያዋ ትልቅ አውራ አትምረጪ። መካከለኛ ይሁን፤ ግልገሉ በአባቱ ልክ ይመጣል። ከስሪያው በፊት አንድ ወር ደህና አብያቸው። ከአሮጌዎቹ ጋር በአንድ ገበታ አታድርጊያቸው፤ ይገፏቸዋል። ኧረ አሮጌ የለሽም ለካ፣ ሁሉም ልጆች ናቸው። እንግዲህ አንቺው እናት ሁኛቸው።

ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ የሆነው ትዝ ይልሻል? ያቺ ግንባረ ቦቃዋ በግ ምጥ ይዟት፣ የግልገሉ እግር ታጥፎ፣ የእኔ መዳፍ አልገባ ብሎ አንቺን ጠራሁ። እጅሽን ቅቤ ቀብቼ «ዓይንሽን ጨፍኚና በጣትሽ እዪ» አልኩሽ። «አባባ፣ ጉልበቱ ይኸውና!» ብለሽ ጮኽሽ። ግልገሉን በባናዬ ጠቅልዬ፣ አንቺንም አብሬ ጠቅልዬ ነው ያሞቅኋችሁ። ያን ቀን ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። አሁንም አወራለሁ፤ ሰዉ ሰልችቶታል።

ስለ ሬሕማ የጠየቅሽው፣ ደህና ናት። አድጋለች።

አባትሽ ዳውድ

እታለም ፋጤ፣ እኔ ሬሕማ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ሚኒስትሪ እፈተናለሁ። ከክፍሉ ሁለተኛ ነኝ፤ አንደኛዋም ሴት ናት። አባባ «አድጋለች» ብለሽ ጻፊ ሲለኝ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። መልክሽን ረስቼዋለሁ፣ ፎቶ ላኪልኝ።


ሪያድ፣ ካርቱም
መጋቢት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ዳውድ

እንኳን ለረመዳን አደረሰዎ። እዚህ ፀሐዩ ፆሙን እጥፍ አድርጎታል፤ አስፋልቱ ይነዳል። እናንተ ጋ አሁን ጉሙ ከገደሉ እየተነሳ ደጃፉ ላይ ይቆማል አይደል? ስንቴ እንደተመኘሁት።

ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀድጃለሁ። አባባ፣ ችኩሏ እኔ ነኝ። የእርስዎ መልስ ሳይደርሰኝ አውራውን ለቅቄባቸው ነበር። ምክርዎን አንብቤ ሮጬ አፋቸውን ስከፍት የስድስቱም ጥርስ የወተት ነው። ሩዝ ይመስላል። ዓይኔ የለጋምቦ ዓይን ሆኖ አሳሳተኝ። የእኛን ድንክ በጎች እየቆጠርኩ ያደግሁ ሰው እነዚህን ሳይ አሮጊቶች መሰሉኝ።

ሁለቱ ተጠቅተዋል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ። አራቱ ተርፈዋል። የሐጃ ወንድም መጥተው አውራውን በገመድ አሰሩት። የዚህ አገር በግ አርቢዎች አውራ ያለ ጊዜው እንዳይደርስ የሚያስሩበት ዘዴ አላቸው፤ ገመዱ የት ላይ እንደሚታሰር ግን ሴት ልጅ ለአባቷ አትጽፍም።

ለሐጃ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ «ማዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለቱን አስጠርተው ሆዳቸውን ይዳብሳሉ። አሁን ምን ላድርግ? ምን ላብላ? ይሞቱብኝ ይሆን?

ስለ ግንባረ ቦቃዋ የጻፉትን ሳነብ ወጥ ቤቱ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ትዝ ይለኛል። የግልገሉ ልብና የእርስዎ ልብ በአንድ ባና ውስጥ ሲመታ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም፤ ካርቱም እየኖርኩ ይህን ማለቴ ያስቃል።

ሬሕማን ግን «አድጋለች» ብቻ አሉኝ። ገብስም ያድጋል። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ፣ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ፣ ይህን ለእኔ ለመንገር ለምን ከበደዎ? ፎቶዬን ልኬላታለሁ።

ልጅዎ ፋጤ


አቀስታ
ግንቦት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋጤ

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። የእጅ ጽሑፉ ቢለወጥብሽ አይግረምሽ። ዛሬ የሚጽፍልኝ ሙስዐብ ነው፣ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን። ሬሕማ ሥራ በዝቶባታል።

ተቆጥቼሽ ነበር፤ ከአቀስታ ቤቴ እስክደርስ ግን በረደልኝ። እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ፤ ሦስት በጎች ከነሆዳቸው ቀብሬያለሁ። ጥርስ ማየት የተማርኩት ያኔ ነው። ሰው ከጥፋቱ ካልተማረ ከምን ይማራል?

አሁን የሆነ ሆኗል። እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ እንደ ወትሮው ይብሉ፤ አዘንኩላቸው ብለሽ አታጥግቢያቸው። የደለበች እናት ትልቅ ግልገል ትሸከማለች፣ በሩም ይጠባታል። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ እያልሽ ጨምሪላቸው፤ ሆዳቸው በልጁ ስለሚጨናነቅ ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግመሽ። ውኃ አይለያቸው። አይባረሩ፣ ጠባብ በር ላይ አይጋፉ። ግታቸው ሲሞላና ብቻቸውን ጥግ ሲፈልጉ ቀኑ ደርሷል ማለት ነው።

ባናዬ አርጅቷል፣ ግን አለ። የዚያን ቀን የነካው ቅቤ አሁንም አልለቀቀም። እናትሽ ልታጥበው ብላ ስንቴ ተጣልተናል፣ አላህ ይማራትና።

ሬሕማ ደህና ናት።

አባትሽ ዳውድ

ጸሐፊው ሙስዐብ ነኝ። የምጨምረውን አባባ ዳውድ አላስጻፉኝም፤ ዝም ብል ግን ኅሊናዬ አልፈቀደም። ሬሕማ ታጭታለች። የሁዘይፋ አባት ለልጁ ሽማግሌ ልኮ አባትሽ እሺ ብለዋል። ሁዘይፋ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሰርጉ ለጥር ነው። እሷን ከሰሞኑ ከትምህርት ቤት አስቀርተዋታል፤ ፈተናውን እንድትፈተን ግን መምህሯ ለምነው አስፈቅደዋል። አንቺ መስማት አለብሽ ብዬ ነው።


ሪያድ፣ ካርቱም
ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ዳውድ

ጤናዎን እመኛለሁ። ቀይዋም ነጯም ሆዳቸው ገፍቷል። ያሉኝን ሁሉ እያደረግሁ ነው።

የሬሕማን ነገር ሰማሁ። ከማን እንደሰማሁ አይጠይቁኝ። ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ የመጣልኝ ግን የእርስዎ የራስዎ ቃል ብቻ ነው። «ራሷ ገና እያደገች ነው። አንዱ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይጎዳሉ።» ይህን ያሉኝ ለማያውቋት ሴትዮ በጎች አዝነው ነው። ያንኑ በእጇ የጻፈችልዎ ደግሞ ሬሕማ ናት።

አባባ፣ ሬሕማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔም ያኔ አሥራ አራት ነበርኩ። እባክዎን ይተዉአት። ከዚህ ሌላ በሕይወቴ አንድም ነገር አልለምንዎትም።

ፋጤ


አቀስታ
ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለፋጤ

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በገበያ ቀን ነው። ሬሕማ ፈተና ላይ ስለሆነች፣ እቤት የሚያነብልኝ ስለሌለ እዚሁ ሱቁ ውስጥ ይነበብ አልኩ። ሙስዐብ ለጆሮዬ ሲል ጮኾ ሲያነብ ጨው ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሰማ። «ዳውድ ልጆቹን ከበጎቹ አሳንሶ ያያል» ተብሎ ከአቀስታ እስከ መንደራችን ተወርቷል። ደስ ይበልሽ።

አንቺ እዚያ ግንብ ውስጥ ሆነሽ ትፈርጃለሽ። ጦሩ በመጣ ጊዜ ሬሕማን ገብስ ጎተራ ውስጥ ስድስት ቀን ደብቄያታለሁ። በጎተራው አፍ ላይ ጭድ ጎዝጉዤ ተኝቼበታለሁ። በጎቼን ሲነዱ አየሁ፤ ሠላሳ አራት ነበሩ፣ ሰባት ተረፉ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ እነሱ በጎቹን ሲያዩ ጎተራውን አያዩም ብዬ። እኔ አርጅቻለሁ፣ አልሰማም። ሰው በሌሊት በሬን ቢሰብር አልነቃም። ነገ ብሞት ማን ያያታል? ባል ያላት ልጅ ጠባቂ አላት። ይህን ነው ያሰብኩት። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ቃል ደግሞ አይበላም።

ሙስዐብ ይህን ሲጽፍ ራሱን ይነቀንቃል። ጻፍ አንተ።

ቀናቸው ስለደረሰ ስለ በጎቹ ልንገርሽ፣ እነሱ ምን አጠፉ። ሁለት እግርና አፍንጫ አብረው ከታዩ አትንኪያት። አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከንጋት እስከ ረፋድ አምጣ ምንም ካልመጣ፣ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ዘይት ቀቢና ግቢ። ስታምጥ ጠብቂ፣ ስታርፍ ነው የምታስተካክዪው። ስትስቢም ከእሷ ምጥ ጋር ሳቢ፣ ወደ ታች። ልጅ የሆነች እናት ግልገሏን ልትሸሸው ትችላለች፤ አታውቀውማ። ጀርባው ላይ ጨው ነስንሺና ታልሰው። አንዴ ከላሰችው የራሷ ነው። እንገሩን በቶሎ ይጥባ።

ደህና ሁኚ። ለዚህ መልስ አያስፈልገኝም።

ዳውድ


ሪያድ፣ ካርቱም
ሐምሌ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ዳውድ

መልስ አልፈልግም ብለውኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ በስልክ አልላክሁትም። ለእረፍት ወደ ደሴ የምትሄድ ሴት በእጇ ይዛዋለች። ሬሕማ ታንብብልዎ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ እቤት። ገበያ ላይ በመነበቡ ያፈሩትን ማፈር በእውነት አዝኜበታለሁ፤ አላሰብኩትም ነበር። የጎተራውንም ነገር አላውቅም ነበር። እጅዎን እስማለሁ።

በጎቹ ወለዱ። ነጯ በዐረፋ ማግስት በሰላም ወለደች። እንዳሉት ሸሸችው፤ ግልገሉ ሲጠጋት በግንባሯ ትገፋዋለች። ጨው ነሰነስኩበት። ትንሽ ቆማ አሰበችና ላሰችው፣ ከዚያማ ማን ይንካብኝ አለች። ሐጃ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ቀይዋ ግን በሦስተኛው ቀን ያዛት። ከንጋት ጀምራ እስከ ቀትር አማጠች። እጄን ታጥቤ ገባሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አየሁ። እግሩ ታጥፎ አልነበረም፤ እግሩም ራሱም በቦታው ነው። በሩ ነው የጠበባት። አውራው ትልቅ ነበር፣ እሷ ደግሞ ልጅ። ከምጧ ጋር ሳብኩ፣ ወደ ታች ሳብኩ። ግልገሏ በሕይወት ወጣች፣ ሴት ናት። ቀይዋ አንድ ጊዜ ዞራ አየቻት። ሳትልሳት ሞተች።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ አውራውን የለቀቅሁባት። በዘይት እጄ እንዳለሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የዘጋሁት ነገር የተከፈተብኝ።

አባባ፣ እንደዚህ ተነጋግረን አናውቅም። እኔም ያኔ በሩ ነበር የጠበበኝ። ሦስት ቀን። አማቴ «ልጅ ናት፣ ታካብዳለች» ትል ነበር። በሦስተኛው ቀን እርስዎ ሰው ይዘው መጡ፣ በቃሬዛ አቀስታ ወሰዳችሁኝ። ዝናብ ነበር። እርስዎ ከፊት በቀኝ በኩል ነበሩ። ማጅራትዎ ላይ ውኃው ሲወርድ እያየሁ ነው የሄድኩት። «አባባ» ብዬ ጠራሁዎት። ያኔ ሁለቱም ጆሮዎ ይሰማል። አልዞሩም። ልጄ ሞቶ ወጣ፣ ወንድ ነበር። ማንም ስም አላወጣለትም፤ እኔ ግን አውጥቼለታለሁ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ካርቱም የመጣሁት ሥራ ፍለጋ መስሎዎት ይሆናል። ያን ማጅራት እያየሁ መኖር አቅቶኝ ነው።

ለበጎቹ አፍ ከፍተው ያያሉ። የእኔን አፍ የከፈተ አልነበረም።

እንዲህ ጽፌም ናፍቆቱ አልወጣልኝም። የሚገርመው ይኸው ነው። እጄ በጉ ውስጥ ሳለ ከጎኔ እንዲሆኑ የተመኘሁት ሌላ ማንንም አይደለም፣ እርስዎን ነው።

እናቷ የሞተችባትን ግልገል ሐጃ በጡጦ ያጠቧታል። የተረፉት አራቱ በጎች ጥርስ እስኪለውጡ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ፋጤ


ለጋምቦ
መስከረም 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋጤ

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፍልሽ። የአማርኛ ፊደል እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። በልጅነቴ ቁርዓን ቤት የተማርኩትን የዓረብ ፊደል ግን አልረሳሁትም፤ አያቶቻችን አማርኛውን በዚያ ይጽፉት ነበር። እኔም እንዲያ አደረግሁ። ይህን ሙስዐብም ሬሕማም እንዲጽፉልኝ አልፈለግሁም። አምስት ቀን ፈጅቶብኛል። የሚያነብልሽ እዚያ አይጠፋም።

ደብዳቤሽን ሬሕማ አነበበችልኝ፣ በሩን ዘግተን፣ ወደ ግራ ጆሮዬ ተጠግታ። ቃሬዛው ጋ ስትደርስ ቆመች። «አባባ፣ ከፊት ያሉት እርስዎ ነበሩ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ስትጠራዎት ሰምተው ነበር?» አለችኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ድምፅዋ ግን የእሷ ድምፅ አልመስል አለኝ፣ የአንቺ መሰለኝ።

ፋጤ፣ ያልዞርኩት ካየሁሽ እግሬ ይከዳኛል፣ ቃሬዛውም ይወድቃል ብዬ ነው። አቀስታ ከደረስን በኋላ ግን አይወድቅም ነበር። ያኔም አልዞርኩም። ለዚያ ምክንያት የለኝም። አፍሬ ነው።

በሳምንቱ ከሁዘይፋ አባት የተቀበልኩትን ቀሚስና ሻሽ ልመልስ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት «ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ልጄ አልደረሰችም» አልኩ። «ስትታጭ ደርሳ ነበር፣ አሁን አነሰች?» አሉኝ፣ ሳቁብኝ። «ስትታጭም አልደረሰችም ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ሁዘይፋ ራሱ እስከ በሩ ሸኘኝ። አባቱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሥቶኛል። መስጊድ ስቆም አጠገቤ ያለው ቦታ ክፍት ይሆናል። ይለምዱት ይሆናል። እኔም እለምደዋለሁ።

ሬሕማ ፈተናውን አልፋ አቀስታ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ከሙስዐብ እናት ጋር ነው የምታድረው፤ በዓርብ ዓርብ ትመጣለች። እኔ ብሞት ማን ያያታል ያልኩት ፍርሃት አልለቀቀኝም። ግን ፍርሃቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አካል አይክፈለው አልኩ።

አንቺን በአሥራ ሦስት ዓመትሽ ስድርሽ የበጎቼን ጥርስ አይ ነበር። ዓይኔ ያይ ነበር ማለት ነው። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። አጥፍቻለሁ። አውፍ በይኝ።

የልጅሽን ስም ብትነግሪኝ ዱዓ አደርግለት ነበር።

አባትሽ


ሪያድ፣ ካርቱም
ጥቅምት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ

በራስዎ እጅ የጻፉት ደረሰኝ። እኔ ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ ለሐጃ ፋሪሃ ሰጠኋቸው። እሳቸው ደግሞ ፊደሉን ያነባሉ እንጂ አማርኛ አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው አንገሬቡ ላይ ቁጭ አሉና ድምፁን ብቻ እየተከተሉ፣ እየተደናቀፉ አነበቡልኝ። የሚሉትን የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። እርስዎ በሴት አፍ፣ በሱዳን ቅላፄ፣ በየቃሉ እየቆሙ አነጋገሩኝ።

«አጥፍቻለሁ፣ ልጄ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። «ያ ቢቲ፣ ምን ብዬሽ ነው የምታለቅሺው?» አሉኝ።

«አጥፍቻለሁ ነው ያሉኝ» አልኳቸው።

«እኔ?»

«አባቴ። በአሥራ ሦስት ዓመትሽ ስለዳርኩሽ አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በይኝ ነው የሚለው።»

ሐጃ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እኔን አባቴ በአሥራ ሁለቴ ነው የሰጠኝ» አሉ። «ወላሂ፣ ደግ አባት ነበር። ግን ይህን ሳይለኝ ሞተ።»

ከዚያ መነጽራቸውን በሻሻቸው ጠርገው ወረቀቱን አነሡ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ዝም በይና አዳምጪ» አሉኝና ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና አነበቡት። አሁን ግን ለእኔ ብቻ አልነበረም የሚያነቡት።

አውፍ ብዬዎታለሁ፣ አባባ። የልጄ ስም ዳውድ ነው።

ልጅዎ ፋጤ